የአባትህን ሰዓት ገና አትክፈተው

ጥያቄው ከአዳማ የመጣ ነው። አንድ ወጣት እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። በ1975 ዓ.ም. ገደማ የገዙት ሴይኮ 5 ለእኔ ደረሰኝ። አሁን ቆሟል። ከመቆሙ በፊትም ቀኑ መሃል ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ግማሽ 14 ግማሽ 15 ሆኖ። ጀርባው ላይ 7009 የሚል ቁጥር አለ፤ ሌላ በ1ኤን የሚጀምር ቁጥርም አለው። አባቴ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚያስተካክሉት። ወር በገባ ቁጥር ጠዋት ዜና እየሰሙ ቀኑን ሲያስተካክሉ አስታውሳለሁ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ ልጠግነው እፈልጋለሁ። ቪዲዮ ሳይ ነው የከረምኩት። ምን ዕቃ ልግዛ? ከየት ልጀምር? ወይስ መጀመሪያ አዲስ ሰዓት ገጣጥሜ እጄን ላፍታታ?»

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርልህ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ትችላለህ። ሰዓት መጠገን መስኮት አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰፊ ቦታ አይፈልግም። ረጋ ያለ እጅና ልኩ የሆነ መሣሪያ ይፈልጋል። የአባትህን ሰዓት ግን ገና አትክፈተው። መጀመሪያ እጅህ በሌላ ሰዓት ይማር።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነገር ተነስቼ ነው። 16 ዓመቴ ነበር። ሰዓት ሰሪ የነበረው አጎቴ አጠገብ እየተቀመጥኩ ሳይ ሳይ የቻልኩ መሰለኝ። አንድ ቀን እሱ ምሳ ሲወጣ የጎረቤታችንን የመምህሩን ሰዓት ከፈትኩ። ሰዓቱ እስከ ጥግ ተሞልቶ ነበር። ትንሿን ሹካ ከላይ የያዘችውን ብረት፣ ድልድይ የምንላትን፣ ብሎን ፈታሁ። ዝርርር አለ። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ጥርሶቹ፣ ማለትም ባለ ጥርስ መንኮራኩሮቹ፣ ተሽከርክረው ቆሙ። በማጉያ ሳየው የአንዷ ጥርስ ዘንግ ጫፏ ተቆርጧል። መለዋወጫ ተፈልጎ አልተገኘም። መምህሩ አልተቆጡኝም። ሰዓታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። የእናታቸው ስጦታ እንደነበር የነገረኝ በኋላ አጎቴ ነው። ያ መሐረብ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሰዓት ማለት ጉልበት የሚያጠራቅም ሞላና ያንን ጉልበት በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ በር ነው። ዋናው ሞላ ከበሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከበሮው ጥርሶቹን በየተራ ይገፋል። መጨረሻ ላይ ሹካዋ አለች። ባላንሱ፣ ያ ወዲያ ወዲህ የሚለው ቀለበት፣ ሹካዋን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይመታታል። እሷም ጥርሱን አንዴ ትይዛለች፣ አንዴ ትለቃለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። በአባትህ ሴይኮ ይህ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይሆናል። በሴኮንድ 6 ማለት ነው። በቀን ከግማሽ ሚሊዮን ያልፋል። ሞላው ሳይለቀቅ ሹካዋን ካነሳሃት በሩን ነቀልከው ማለት ነው። ከአንድ ቀን በላይ ሊያስኬድ የተጠራቀመው ጉልበት በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። የተገኘውን ሰብሮ ይወጣል።

አሁን ወደ አንተ ሰዓት። ጀርባው ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። 7009 የማሽኑ ቁጥር ነው። አውቶማቲክ ነው፤ 17 ድንጋይ አለው፤ ቀኑንና የዕለቱን ስም ያሳያል። በእጅ ግን አይሞላም። መሙያውን፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ፣ እያዞሩ «አልሞላ አለኝ» ብለው የሚያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የዚህ ማሽን መሙያ ስሙ ብቻ ነው መሙያ። ሥራው ቀንና ሰዓት ማስተካከል ነው። ሞላውን የሚጠቀልለው ክንድ ሲወዛወዝ ውስጥ የሚዞረው ከባዱ ግማሽ ክብ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የተሠራበትን ጊዜ ይነግርሃል። ሴይኮ በዚያ ዘመን የመጀመሪያውን አኃዝ ለዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው ምልክት ወሩ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ከ1 እስከ 9 ይጻፋል። ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር በየስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ 1ኤን ማለት መጨረሻው 1 በሆነ ዓመት፣ በኖቬምበር ወር ማለት ነው። አባትህ በ1975 ዓ.ም. ገደማ ከገዙት ዓመቱ 1981 እ.ኤ.አ. ነው የሚሆነው። በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር 1974 ዓ.ም.። ከፋብሪካ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እሳቸው እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ስለ 17ቱ ድንጋይ አንድ ነገር ልበልህ፣ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ። የከበረ ድንጋይ ነው፣ ይሸጣል እያሉ የሚያሳስቱ አሉ። ሩቢ ነው፤ ግን በፋብሪካ የሚመረት ሩቢ ነው። ኦጉስት ቬርኑይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1902 እ.ኤ.አ. የማምረቻውን ዘዴ ይፋ ካደረገ ወዲህ የሰዓት ድንጋይ ርካሽ ሆኗል። የገባው ለጌጥ አይደለም። የብረት ዘንግ ብረት ላይ ሲሽከረከር ይበላላል። ሩቢ ላይ ሲሽከረከር ግን ለዘመናት ይቆያል። ለድንጋዩ ብሎ የአባትህን ሰዓት ሊገዛህ የሚመጣ ሰው ካለ አትስማው።

የቀኑ መንጠልጠል ነው ልቤን የያዘው። ጥያቄህን ሳነብ ሥዕሉ ወዲያው መጣልኝ። ሬዲዮው በርቷል፣ ጠዋት ነው፣ ወሩ ገብቷል፣ አባትህ መሙያውን ሳብ አድርገው ቀኑን ወደ 1 እየወሰዱ ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ማንም አልነገራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን የሚቀይር አንድ ትንሽ ጣት ውስጥ አለ። ይህ ጣት ሰዓቱ 12 ከመድረሱ በፊት የቀኑን ቀለበት ጥርስ መንካት ይጀምራል። ካለፈ በኋላም ለጥቂት ሰዓታት አይለቀውም። ጥርሱን ይዞ ሳለ አንተ በመሙያው ቀኑን በግድ ብትገፋው ሁለቱ ይጋጫሉ። አንድ ቀን አይሰበርም። በዓመታት ውስጥ ግን ይበላል፣ ይጎብጣል። ከዚያ ቀኑን እስከ ግማሽ ገፍቶ ይተወዋል። ግማሽ 14 ግማሽ 15 ያልከኝ እሱ ነው።

የፋብሪካው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 4 ቀን አትቀይሩ ይላል። ይህ የፈረንጆቹ 9 እና 4 ነው። አንድ የእኛ ሰው ያንን አንብቦ ወደ እኛ ሰዓት ቢመልሰው ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10 ይሆንለታል። «እንግዲያው ጠዋት ሰላም ነው» ይላል። ሰዓቱ በፈረንጅ የተሞላ ከሆነ ልክ ነው። አባትህ ግን በእኛ ነው የሞሉት። ማሽኑ ስለ አዲስ አበባና ስለ ቶኪዮ አያውቅም። የሚያውቀው ቆጣሪዎቹ፣ ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክቱት ዘንጎች፣ የት እንዳሉ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር በተሞላ ሰዓት ቀኑ የሚቀየረው ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ነው። አደገኛው ጊዜ እንግዲህ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሆነ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዜና የሚሰማበት ሰዓት፣ መሃሉ ላይ ነው።

በዚያ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሥራውን ያበዛበታል። የቀኑ ቀለበት 31 ቁጥር አለው። በፈረንጅ የሚጠቀም ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚያስተካክለው። 31 የማይሞሉት ወሮቻቸው አምስት ናቸውና። የእኛ ወሮች ከጳጉሜ በቀር ሁሉም 30 ናቸው። 12 ጊዜ 31ን ማሳለፍ አለብህ። ጳጉሜ 5 ሲያልቅ ደግሞ ከ6 ተነስተህ እስከ 1 ድረስ 26 ጊዜ ትገፋለህ። ስለዚህ በዓመት 13 ጊዜ። አባትህ ይህን ለ40 ዓመት ያህል አድርገውታል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን ለሚያሳዩ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ሰዓቶች ይሠራል። ቀን ከመቀየርህ በፊት ቆጣሪዎቹን ወደ 6 ተኩል አውርዳቸው። ሁለቱም ወደ ታች ይመልከቱ። እዚያ ላይ ጣቱ ከጥርሱ የራቀ ነው፤ ጠዋት ይሁን ማታ ለውጥ የለውም። ቀኑን አስተካክል። ከዚያ ሰዓቱን ወደ ፊት እያዞርክ ወደ ቦታው መልሰው።

እሺ፣ ልምምዱን በምን እንጀምር? ሲገል ኤስቲ36 የሚባል ማሽን ፈልግ። ከቻይና፣ ከቲያንጂን ነው። ዩኒታስ 6497 ከሚባለው የስዊስ ማሽን የተቀዳ ነው። ዩኒታሱ ለኪስ ሰዓት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ትልቅ ነው፤ 36.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ጥርሶቹ በዓይን ይታያሉ። አውቶማቲክ ክፍል የለውም፣ ቀን የለውም። ቢጠፋብህ ቢሰበርብህ ሌላ ታስመጣለህ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ሁለት አስመጣ። አንዱ ለመፍታት፣ አንዱ ከጎን አስቀምጦ «ይህ ብሎን የት ነበር?» ለማለት።

ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የቆመ ሰዓት ገዝተህ ልትለማመድ ካሰብክ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ፣ በጨለማ ያበሩ የነበሩ ሰዓቶች ቁጥሮቻቸው ላይ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል። ብርሃኑ ጠፍቶ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ታየዋለህ። ጨረሩ ግን አልጠፋም። የራዲየም ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። በአሜሪካ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ስንቶቹ እንደታመሙና እንደሞቱ የታወቀ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት አትፋቅ፣ አታራግፍ፣ ልጆች ባሉበት ቤት አትክፈት። የአባትህ ሴይኮ ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተሠራ ስለሆነ ከዚህ ስጋት ነጻ ነው።

ጠረጴዛህ ከፍ ይበል። ሰዓት ሰሪ ጎንበስ አይልም፤ ሥራው ወደ ደረቱ ይመጣለታል። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጠንካራ ሳጥን አስቀምጥና ክንድህን ደገፍ አድርግበት። የእጅ መንቀጥቀጥ ግማሹ ከክርን መንጠልጠል ነው የሚመጣው። ነጭ አንሶላ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አያይዘህ ሌላውን ጫፍ ወገብህ ላይ እሰረው። የወደቀው ሁሉ እዚያ ያርፋል። ምንጣፍ ላይ የወደቀች የሰዓት ብሎን ግን ለመሬት የተሰጠች ናት። ቡና በሚቆላበት፣ ወጥ በሚሠራበት ክፍል አትሥራ። ጭሱና ቅባቱ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ሥራ አቋርጠህ ስትነሳ የሻይ ብርጭቆ ድፋበት። አጎቴ ከዚያ የተሻለ የአቧራ መከላከያ አልነበረውም። እኔም እስከ ዛሬ የምጠቀመው እሱን ነው።

መሣሪያ ላይ ገንዘብህን በሁለት ነገር ላይ አውጣ፤ በካቻቪቴና በወረንጦ። ካቻቪቴዎቹ ከ0.8 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ያሉት ይበቁሃል። ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ጥግ ድረስ መሙላት አለበት። የቀጠነ ከሆነ ያመልጥና ድልድዩን ይቧጭራል። ያ ጭረት ለዘላለም ይኖራል። ርካሽ ወረንጦ ደግሞ ጫፎቹ አይገጥሙም። ዕቃውን ስትጨብጠው እንደ ፌንጣ ይፈናጠራል። አጥብቀህ ስለያዝክ አይደለም የሚቆየው፤ እንዲያውም በኃይል ስትይዘው ነው የሚያመልጥህ። እንቁላል እንደምትይዝ ያዘው። ዓይን ላይ የሚገጠም ማጉያ፣ ማሽኑን የሚይዝ ትንሽ ማቀፊያ፣ ቆጣሪ መንቀያና መግጠሚያ፣ የጀርባ መክፈቻ ያስፈልግሃል። እነዚህ ርካሾቹም ይሠራሉ። የድንጋዮቹን ቀዳዳ ለመጥረግ ሹል እንጨት ይሸጣል። እስኪመጣልህ በደንብ የሾለ ስቴኪኒ ተጠቀም።

አሁን ወደ መፍታት። ከመንካትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። እያንዳንዱን ዕቃ ከማንሳትህ በፊት አንሳ፣ ካነሳህ በኋላም አንሳ። መጀመሪያ ሞላውን ልቀቅ። እጅህ ይህን ብቻ ቢማር እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ኤስቲ36 ላይ ከበሮው አጠገብ፣ ከላይ፣ ትንሽ መቆለፊያ ታያለህ። ሰዓቱ ሲሞላ ክርክር የምትለው እሷ ናት። መሙያውን በሁለት ጣትህ ያዝ። ትንሽ ወደ መሙላት አዙረው፤ መቆለፊያዋ ትላላለች። በስቴኪኒው ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ያዛት። አሁን መሙያው ጣትህ ውስጥ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። ጉልበቱን ትሰማዋለህ፤ እንደ ሕያው ነገር ይታገልሃል። አትልቀቀው። በጣቶችህ መሃል ቀስ እያለ ይንሸራተት። መታገሉን ሲተው ሞላው ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ባላንሱን ከነድልድዩ፣ ቀጥሎ ሹካዋን አንሳ።

ራሷ ላይ ሦስት መስመር ያላት ብሎን ካየህ ተጠንቀቅ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የተደረገው በተቃራኒ እንደምትፈታ ለማስጠንቀቅ ነው። ወደ ቀኝ ስታዞራት ነው የምትፈታው። እንቢ ያለች ብሎን ካጋጠመችህ በኃይል አትሂድባት። በሌላ አቅጣጫ ሞክራት።

ባላንሱ ላይ ያለችው ጸጉር የምታህል ጥምዝ ሞላ የሰዓቱ ልብ ናት። ባላንሱን ከድልድዩ አንጠልጥለህ አታቆየው። በጣት አትንካት። አንዴ ከጎበጠች ማቃናቱ የዓመታት ልምድ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ስትፈታ ዘይት አታስብ፣ እጥበት አታስብ። ፈትተህ ግጠም። እንደገና ፈትተህ ግጠም። አምስት ጊዜ። የጥርሶቹ ድልድይ ሲገጠም እያንዳንዱ ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጥ ብሎን አታጥብቅ። ድልድዩን በጣትህ ሳትጫነው ከበሮውን በስቴኪኒ ነካ አድርገው። ጥርሶቹ በሙሉ በነጻነት ከዞሩ ገብተዋል። ካልዞሩ አልገቡም። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ነው ዘንግ የሚሰብረው።

እጥበት ሲደርስ ስለ አንድ ቃል ላስጠንቅቅህ። ቪዲዮዎቹ ላይ «ናፍታ» ሲሉ ትሰማለህ። በእንግሊዝኛው እንደ ላይተር ቤንዚን ያለ ንጹሕ ፈሳሽ ነው። እኛ ናፍታ የምንለው የከባድ መኪናው ነዳጅ ነው። አንድ ልጅ ሰዓቱን በእሱ ዘፍዝፎ አምጥቶልኛል። ሁሉም ነገር ቅባት ለብሶ፣ ሽታው ለሳምንት አልለቀቀም። የላይተር ቤንዚን ፈልግ። መስኮት ክፈት። እሳት፣ ሻማ፣ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። አልኮልም ያጸዳል፤ ሹካዋንና ባላንሱን ግን አልኮል ውስጥ አትዘፍዝፍ። ሹካዋ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። አልኮል ያቀልጠዋል።

ዘይቱ የሰዓት ዘይት ይሁን። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አይሆንም። ከቀዳዳው ይሸሽና ማሽኑ ላይ ይሰራጫል፤ ቦታው ደረቅ ይቀራል። የሚታወቀው ሞቢየስ 9010 ለፈጣኖቹ ጥርሶችና ለባላንሱ ነው። ከበድ የሚለው ቦታ ወፈር ያለ ዘይት ይፈልጋል። መጠኑ ነው ዋናው። ድንጋዩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ግማሿ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብትሞላ በቂ ነው። በማጉያ ስታይ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ክብ ሠርቶ መቆም አለበት። ከዳር ከፈሰሰ በዝቷል፤ አጥበህ እንደገና ጀምር። ጸጉሯ ሞላ ላይ በፍጹም ዘይት አይነካም። የሹካዋም ዘንጎች ደረቅ ነው የሚሆኑት።

አዲስ ሰዓት መገጣጠሙንም ጠይቀሃል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ አልከለክልህም። ሴይኮ ኤንኤች35 የሚባለውን ማሽን ትገዛለህ። ፊት፣ ቆጣሪና ቀፎ ትመርጣለህ። ግን እወቀው፤ ያ መገጣጠም ነው እንጂ ጥገና አይደለም። ማሽኑን ራሱን አትከፍተውም። የሚያስተምርህ ሌላ ነገር ነው፤ ንጽሕና፣ ቆጣሪ መግጠምና መሙያው የሚገባበትን ዘንግ በልኩ መቁረጥ። ዘንጉን መጀመሪያ አስረዝመህ ቁረጥ። ከዚያ በሞረድ እየለካህ አሳጥረው። የረዘመ ያጥራል፤ ያጠረ አይረዝምም። ቆጣሪ ስትገጥም መሙያውን እያዞርክ ቀኑ ቀጭ ብሎ ሲቀየር አቁም። የሰዓቱንም የደቂቃውንም ቆጣሪ እዚያው 12 ላይ ትከላቸው። ያኔ ቀኑ በሰዓቱ ይቀየራል። ገበያ ላይ የታወቀ ሰዓት ስም የተጻፈባቸው ሐሰተኛ ፊቶች ይሸጣሉ። እነሱን አትግዛ። በራስህ እጅ በሠራኸው ነገር ላይ ውሸት አትጻፍ።

እንግዲህ ሰዓት እንደምትነካካ ከተሰማ ዘመድ ሁሉ የባትሪ ሰዓቱን ያመጣልሃል። ጥሩ ልምምድ ነው። ብዙ የእጅ ሰዓቶች የሚወስዱት 377 ወይም ኤስአር626 የምትባለዋን ባለ 1.55 ቮልት ባትሪ ነው። አሮጌዎቹን ባትሪዎች ጠረጴዛ ላይ አትተዋቸው። ሕፃን ከዋጣቸው ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ይገድላሉ። ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስበህ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጥ።

አሁን የአባትህ ሰዓት። ሳትከፍተው ልታውቀው የምትችለው ብዙ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ በመዳፍህ ያዘውና ወደ ጎን 30 ጊዜ ያህል በቀስታ አወዛውዘው። ከባዱ ግማሽ ክብ ሲዞር በእጅህ ይሰማሃል። ከዚያ የሴኮንዱን ቆጣሪ ተመልከት። ትንሽ ሄዶ ከቆመ ብዙ ጊዜ ነገሩ የደረቀ ዘይት ነው። እጥበትና ዘይት ይመልሰዋል። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ የተሰበረ ወይም የወጣ ነገር አለ። ሄዶ ግን እንደ እብድ የሚቀድም ከሆነ መጀመሪያ ማግኔት ጠርጥር። የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳና የታብሌት ሽፋን መዝጊያ ሁሉ ማግኔት አላቸው። ጸጉሯ ሞላ ማግኔት ሲይዛት እርስ በርስ ትጣበቃለች፤ ሰዓቱም ይሮጣል። ይህን የሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ሰዓቱን ሳትከፍት የሴኮንዶች ሥራ ነው።

አምስት ጊዜ ኤስቲ36ን ፈትተህ ገጥመህ፣ አጥበህ ዘይት ቀብተህ፣ ማሽኑ ሳይዛነፍ መምታት ሲጀምር፣ ያኔ ሴይኮውን ክፈት። የቀኑ ችግር ከፊቱ ሥር ነው ያለው። የዕለቱን ስም የያዘው ሳህን መሃሉ ላይ የተሰነጠቀች ትንሽ ቀለበት አለች። ስትነሳ ትፈናጠራለች። ማሽኑን በትልቅ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተህ እጆችህንም አስገብተህ እዚያው ውስጥ አንሳት። ከሥሯ ቀኑን የምትገፋውን ጣት ታገኛታለህ። እንደገመትኩት ከሆነ ጫፏ ተበልቷል ወይም ጎብጧል። በአዲስ ትቀየራለች። አሮጌዋን በትንሽ ወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጣት፤ የአባትህ የ40 ዓመት ጠዋት እዚያ ላይ አለ።

እስከዚያ ግን ሰዓቱን አወዛውዘውና የሴኮንዱ ቆጣሪ ስንት ሴኮንድ ሄዶ እንደቆመ ጻፍልኝ። ፊቱ ወደ ላይ ሆኖና ፊቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ለየብቻ።